የሚረሱ አባቶች፣ የሚያዳምጡ ነርሶች

በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች የመርሳት በሽታን ማን ይለይ?

ከሎጊያ ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት የአፋር ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታቸው በቶሎ አያልቅም። ጥላ ፈልገው ቁጢጥ ይላሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ማንን እንዳገኘ፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ የት እንደበቀለ፣ የማን ግመል እንደጠፋች፣ የትኛው ሰፈር በሽታ እንደገባ ተራ በተራ ይወጣል። ይህ ዳጉ ነው። በዓይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ፣ ቦታና ሰው በስም ተጠርቶ የሚተላለፍ የዜና ሥርዓት ነው። የሰማውን ያዛባ ወይም ያልሰማውን የጨመረ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይጠየቅበታል።

ዳጉ የቆመው በማስታወስ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ አዛውንት አእምሮ መድከም ሲጀምር ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቀው አብሯቸው ቁጢጥ ያለው ሰው ነው። የትናንቱን ዜና ከአሥር ዓመት በፊቱ ጋር ይቀላቅሉታል። የሞተውን ዘመድ ዛሬ ጠዋት አገኘሁት ይላሉ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ እንደገና ከመነሻው ይነሳሉ። ለክብራቸው ሲባል ማንም አያርማቸውም። ዜና የሚጠይቃቸው ሰው ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህ ለውጥ ከጥላው ሥር ተነስቶ ጤና ጣቢያ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሲደርስስ ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ ጉዳዩን የሚለየው ማነው? በአፋር ክልል ከተሞች ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ሥልጠናና ሥልጣን ከተሰጣቸው ይህን ሥራ ሊሸከሙ የሚችሉት እዚያው ያሉት ነርሶች ናቸው።

«ያው የዕድሜ ነገር ነው»

ልጆች «አባታችን ጃጅተዋል» ይላሉ። ምራቶች ደግሞ «እማማ ያው የዕድሜ ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። አንዳንዱ ቤተሰብ ጂኒ ነው ብሎ ሸኽ ዘንድ ወስዶ ቁርአን ያስቀራል፤ በአዋሽ ያለው ክርስቲያን ጎረቤቱ ጸበል ይወስዳል። ጸሎቱ ቤተሰቡን ያጽናናል፣ ታማሚውንም ያረጋጋል። ችግሩ ጉዞው እዚያ ላይ የቆመ እንደሆነ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የሰው ስም ቶሎ አለመምጣቱ፣ ቁልፍ ያስቀመጡበትን መርሳት የተለመደ ነው። ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት በሽታ የሚባለው ከዚህ ይለያል። የአንጎል ሕዋሳት በበሽታ ሲጎዱ የሚመጣ የምልክቶች ስብስብ ነው፤ ማስታወስን ብቻ ሳይሆን ማሰብን፣ መናገርን፣ ማቀድን፣ አቅጣጫ መለየትንና ጠባይን ይነካል። መለያው የዕለት ኑሮን ማወኩ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናት ቡናውን ሳይቆሉት ወደ ሙቀጫው ሲጨምሩት፣ መንጋቸውን በመልክ የሚለዩ አባት የራሳቸውን ፍየል ከጎረቤት ፍየል መለየት ሲያቅታቸው፣ ሰጋጁ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳሉ በየጊዜው ሲጠፋባቸው ቤተሰብ ልብ ሊለው ይገባል።

ከመንስኤዎቹ ዋነኛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ጓደኞቹ ያቀረበውና ዛሬ በስሙ የሚጠራው በሽታ ነው። ሌላው ከደም ሥር ጉዳት የሚመጣው ነው፤ ለዓመታት ያልታከመ ደም ግፊትና ስኳር መንገዱን ይጠርጉለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመካከላቸው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ናቸው። ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ የመጣው በሽታው እዚህ ስለሌለ ሳይሆን የሚለየው ስለታጣ ነው።

«በሽታው እዚህም አለ፤ የጠፋው የሚለየው ነው።»

ሁለት ከተሞች፣ አንድ መንገድ

አዋሽ ሰባት የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመካከሉ የአዋሽን ገደል የሚሻገር ድልድይ ተሠራ፤ በጣቢያው ዙሪያም ከተማ በቀለ። ዛሬ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ሶማሌውና ጉራጌው አብረው ይኖሩባታል። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አዛውንቶች አሁንም አሉባት። እነዚህ ሰዎች የባቡሩን ሰዓት፣ የየጣቢያውን ስም በተራ፣ የፈረንሳይኛ የሥራ ትእዛዝ ሳይቀር በቃላቸው ይዘው የኖሩ ናቸው።

ከአዋሽ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ሰመራ በዚህ የከባድ መኪና መንገድ ላይ የተቆረቆረች፣ የክልሉን መቀመጫነት ከአሳይታ የተረከበች አዲስ ከተማ ናት። ቢሮዎቹና ዩኒቨርሲቲው እዚያው ናቸው፤ ሎጊያ አጠገቧ ናት፤ የዱብቲ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። እኩለ ቀን ላይ ለጎልማሳውም ቢሆን ከቤት መውጣት ፈተና ነው፤ ለአንድ የ75 ዓመት አዛውንት ደግሞ ቀጠሮ ይዞ ሕክምና መሄድ የመላው ቤተሰብ ዘመቻ ይሆናል።

በአገራችን የአእምሮና የነርቭ ስፔሻሊስቶች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ የኒውሮሎጂ ደግሞ በ2006 ነው። አንድ ስፔሻሊስት ለማግኘት ከሰመራ አዲስ አበባ መሄድ ማለት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ፣ በማያውቁት ከተማ ማደር፣ በማያውቁት ቋንቋ መመርመር ነው። የሚረሳ ሰው ቦታ ሲለወጥበት ግራ መጋባቱ ይብሳል። ስለዚህ ጉዞው ራሱ የታማሚውን ሁኔታ ከነበረው አክፍቶ ያሳያል።

መፈናቀልም እንዲሁ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቅቆ ጊዜያዊ መጠለያ ገብቷል። የሸራ ቤቶች ሁሉ ይመሳሰላሉ። ትናንት ሰፈሩን በዳበሳ የሚያውቅ አዛውንት ዛሬ ለውኃ ወጥቶ የሚመለስበትን ድንኳን ያጣል። ቤተሰብ «ድንገት አበዱ» የሚለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ወቅት ነው፤ በሽታው ግን ቀደም ብሎ የጀመረ ሊሆን ይችላል። የተለመደው ቤትና የተለመደው መንገድ ሸፍነውት ነው የቆየው።

ነርሶች አስቀድመው የያዙት ሥራ

ነርስ የአእምሮ ሕመምን ትለይ፣ ትከታተል የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1987 የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሠልጥነው የወጡት ነርሶች በየክልሉ ሆስፒታል ተመድበው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፈቱ። ታማሚ ተቀበሉ፣ ለዩ፣ መድኃኒት አዘዙ፣ ቀጠሮ ሰጡ። ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጪ የነበረው የአእምሮ ሕክምና የቆመው በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ከፍተው ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን በከፍተኛ ደረጃ ማሠልጠን ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው የአእምሮ ጤናን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ መርሃ ግብርም ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል፤ ጤና ጣቢያ ላይ ሊለዩና ሊታዩ ይገባል ከሚላቸው ሕመሞች አንዱ ዲሜንሺያ ነው።

ሥራው ወደ ታች ሲወርድ ጥራቱ ይወርዳል የሚል ስጋት አለ። በቡታጅራና በአካባቢው በከባድ የአእምሮ ሕመም ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ለዚህ ስጋት መልስ ይሰጣል። በሥልጠናና በክትትል የተደገፉ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሰጡት ሕክምና፣ የሳይካትሪ ነርሶች በሆስፒታል ከሚሰጡት ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ዲሜንሺያ የራሱ ጠባይ ቢኖረውም፣ ትምህርቱ ለእርሱም ይሠራል፤ ሥልጠናና ክትትል ከተሟላ ሥራው ታማሚው ወዳለበት ሊቀርብ ይችላል።

በውጭውም ዓለም መንገዱ ወደዚያው እየሄደ ነው። በእንግሊዝ የማስታወስ ክሊኒኮች ውስጥ ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች የመጀመሪያውን ሰፊ ምርመራ ያካሂዳሉ፣ ውጤቱን ከሐኪሙ ጋር ይመክራሉ፣ ለቤተሰብ ይናገራሉ። አድሚራል ነርስ የሚባሉት ደግሞ ዋና ሥራቸው የታማሚውን ቤተሰብ መደገፍ ነው። እዚያ ሐኪም ስለጠፋ አይደለም ይህ የሆነው። ምርመራው ረጅም ጊዜ፣ ተደጋጋሚ ጉብኝትና የቤተሰብ አመኔታ ስለሚጠይቅ ነው።

ምርመራው ሲካሄድ

ለአብነት አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ በአዋሽ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ አልበረታም። ልጃቸው ይዛቸው መጥታለች። የሠለጠነች ነርስ መጀመሪያ የምታደርገው ወንበራቸውን ከመስኮቱ ጩኸት ማራቅ ነው። ከፊት ለፊታቸው ትቀመጣለች፤ «አባባ፣ ድምፄ ይሰማዎታል?» ትላለች። መነጽር ካላቸው ማምጣታቸውን ትጠይቃለች። ጆሮአቸው ከባድ የሆነ አዛውንት ጥያቄው ሳይሰማቸው «አላውቅም» ካሉ፣ ያልተለየ የጆሮ ችግር የአእምሮ ድካም ሆኖ ይመዘገባል።

ቀጥሎ ልጃቸውን ለብቻዋ ታነጋግራለች። ጥያቄዎቿ ቀላል ናቸው። መቼ ጀመረ? ቀስ ብሎ ነው የመጣው ወይስ በአንድ ሳምንት? እየባሰ ነው የሄደው፣ ወይስ እንደ ደረጃ ወረድ እያለና እየቆመ? አምና ይሠሩት የነበረና ዘንድሮ ያቃታቸው ምን አለ? ጡረታቸውን ራሳቸው ሄደው ይቀበላሉ? መልስ ይቆጥራሉ? ስልክ ይደውላሉ? ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ይመለሳሉ? በዚህ ምርመራ ውስጥ የቤተሰብ ቃል ከየትኛውም የአንጎል ፎቶ ቀድሞ ይመጣል። ልጆች ብዙውን ጊዜ አባታቸው ፊት አይናገሩም፤ ነውር ይመስላቸዋል። ለብቻ የተጠየቀች ልጅ ግን ለዓመታት የደበቀችውን ታወጣለች፤ ሌሊት በር ከፍተው እንደሚወጡ፣ ምድጃ ላይ እሳት ትተው እንደሚረሱ፣ ሰረቃችሁኝ ብለው እንደሚጣሉ።

ከዚያ አካላዊ ምርመራው ይከተላል። ደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት፣ የደም ስኳር፣ የወባ ምርመራ። የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። አረማመዳቸውን ታያለች፤ አንድ ጎናቸው ደክሞ እንደሆነ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ በቅርቡ ወድቀው ጭንቅላታቸውን መትተው እንደሆነ ትጠይቃለች።

«የዚህ ምርመራ ዋናው መሣሪያ ጊዜና ጆሮ ነው።»

ክብሪት፣ ድልድይና አሥር ቃላት

የማስታወስ ፈተናው ላይ ሲደረስ ጥንቃቄው ይበዛል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው አጭር ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የወጣ ነው። ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነስክ ቁጠር፣ ይህን ሥዕል ገልብጥ ይላል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ የአርብቶ አደር እናት በዚህ ፈተና ቢወድቁ የወደቀው ትምህርት ቤት የማግኘት ዕድላቸው እንጂ አእምሮአቸው አይደለም።

ይህን ችግር ለመፍታት በአፍሪካ የተሠራ ሥራ አለ። በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ በአረጋውያን ላይ ተፈትኖ የወጣው አይዲያ የሚባል አጭር መለያ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም። አዛውንቱ ድልድይ ምን እንደሆነ ይጠየቃሉ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ፣ የአካባቢው መሪ ማን እንደሚባሉ ይጠየቃሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቁትን እንስሳ ሁሉ እንዲጠሩ ይደረጋል። አሥር ቃላት ደጋግመው ይነበቡላቸውና ከቆይታ በኋላ ስንቱን እንደያዙ ይታያል። በጥቂት የክብሪት እንጨቶች የተሠራን ቅርጽ አይተው በራሳቸው እንጨቶች ይደግሙታል።

ይህን ወደ አፋር ለማምጣት መተርጎም ብቻውን አይበቃም፤ እንደገና ማሰብን ይጠይቃል። በአዋሽ ድልድይን የማያውቅ አዛውንት የለም፤ በርሃ ውስጥ ከመንጋው ጋር የኖረ ሰው ግን ድልድይ ተሻግሮ ላያውቅ ይችላል። የአካባቢ መሪ ሲባል የቀበሌውን ሊቀመንበር ላያውቁ፣ የጎሳ መሪያቸውን ግን ከነዘር ሐረጋቸው ሊጠሩ ይችላሉ። ዓመቱን መጠየቅ ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር? ጁምዓን ማወቅ ከዓመተ ምሕረት ይልቅ ለእርሳቸው ትርጉም አለው። እንስሳ ጥሩ ሲባሉ ደግሞ ግልገሏን፣ ያልወለደችውን፣ እናቲቱንና አውራውን ለየብቻ በስም ይጠራሉ። ይህ አንድ ይቆጠር ወይስ አራት? መልሱ በፈተናው ቀን በነርሷ ፈቃድ የሚወሰን መሆን የለበትም። አስቀድሞ ከአፋርኛ ተናጋሪዎች ጋር ተሠርቶ፣ በጤነኞችና በታመሙ አረጋውያን ላይ ተፈትሾ መደንገግ ያለበት ነው። ለዚህ ሥራ ከሰመራ ዩኒቨርሲቲና በክልሉ ከሚሠሩ ነርሶች የተሻለ ቅርበት ያለው የለም።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በክልሉ ከሚሠሩት ባለሙያዎች መካከል ከደጋ የመጡና አፋርኛ የማይችሉ አሉ። ያኔ የሚያስተረጉመው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይሆናል፤ እርሱም አያቱ እንዳያፍሩበት መልሱን አስተካክሎ ይናገራል። አዛውንቱ «ሐሙስ» ሲሉ አስተርጓሚው «ማክሰኞ» ብሎ ያስተላልፋል። ስለዚህ አፋርኛ ተናጋሪ ነርሶችን በዚህ ሙያ ማሠልጠን ለምርመራው ትክክለኛነት ቅድመ ሁኔታ ነው።

መርሳት የሚመስሉ፣ ግን የሚድኑ

የነርሷ ትልቁ ጥቅም ምናልባት ዲሜንሺያ ያልሆነውን መለየቷ ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት፣ ትኩረት መበታተን፣ ሲመሽ የሚብስ መቃዠት ዴሊሪየም ይባላል፤ አጣዳፊ ሕመም ነው። በሰመራ ሙቀት ውኃ ያነሰው አዛውንት፣ ወባ ያለባቸው እናት፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን የያዛቸው ሰው እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህን «ጃጅተዋል» ብሎ ወደ ቤት መመለስ ሕይወታቸውን ሊያሳጣ ይችላል። ፈሳሽና ትክክለኛው መድኃኒት በጊዜ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ልቦናቸው ይመለሳሉ።

ሐዘንና ድብርትም አሉ። በድርቅ መንጋው ያለቀበት አርብቶ አደር ሀብቱን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ክብሩንና የዕለት ሥራውንም ነው። ዝም ይላል፣ አይበላም፣ ሲጠየቅ «አላውቅም» ይላል። ልምድ እንደሚያሳየው በድብርት የተያዘ ሰው መርሳቱን ራሱ አጥብቆ ያማርራል፤ ዲሜንሺያ ያለበት ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አልሆንኩም ባይ ነው። ድብርት ይታከማል።

መድኃኒቶችም ያደናግራሉ። እንቅልፍ እንዲያመጣ የተሰጠ አሚትሪፕቲሊን፣ ለረብሻ ተብሎ የተሰጠ ክሎርፕሮማዚን፣ አንዳንድ የአለርጂና የጉንፋን እንክብሎች በአረጋዊ አንጎል ላይ ግራ መጋባትን ይጨምራሉ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ከመውደቅ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ ኤችአይቪና ቂጥኝም መርሳትን ያመጣሉ፤ እነዚህም ሕክምና አላቸው። ስለዚህ ነርሷ ወሰኗን ማወቅ አለባት። ከ60 ዓመት በታች የጀመረ፣ በጥቂት ወራት በፍጥነት የባሰ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ፣ ከሚጥል ሕመም ወይም ከአንድ ጎን ድካም ጋር የተያያዘ ከሆነ ወደ ሆስፒታል መላክ ግዴታዋ ነው። እርሷ በትክክል ለይታ ስትልክ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሚገባቸው ብቻ ይሄዳሉ።

«‹ጃጅተዋል› ከማለት በፊት የወባ ምርመራና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይቀድማል።»

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት ገና አልተገኘም። «ታዲያ ምርመራው ምን ይሠራል?» የሚሉ የጤና ባለሙያዎችም አሉ። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነው፤ መልሱ ግን በየቤቱ ውስጥ አለ። ባሏ ሌብነት የጠረጠረባት ሚስት ነገሩ በሽታ መሆኑን ስታውቅ ቂሟ ይበርዳል። ሽማግሌዎች በአንድ የከብት ክርክር ላይ የእኚያን አባት ምስክርነት እንዴት መመዘን እንዳለባቸው ያውቃሉ። መሬት ወይም ግመል እንዲሸጡ ማንም እንዳያታልላቸው ዘመድ ይጠብቃል። ታማሚውም ገና ልባቸው ሳለ ፈቃዳቸውን ይናገራሉ።

ነርሷ ለቤተሰብ የምትሰጠው ምክር ከቦታው ጋር መግጠም አለበት። ሰመራና ሎጊያ ላይ አደጋው የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ነው፤ ወንዙ ዳር ባሉ ቀበሌዎች አዞ ያለበት አዋሽ ነው፤ ገጠሩ ላይ ደግሞ ሰው ገብቶ የሚጠፋበት የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ የሠፈሩ ልጆችና ባለሱቆች እንዲያውቋቸው ይደረግ፤ ብቻቸውን ሲያዩአቸው እጃቸውን ይዘው ይመልሷቸው። ውኃ ሳይጠይቁ ይሰጣቸው፤ መጠማታቸውን ሊረሱ ይችላሉና። በተሳሳቱ ቁጥር አይታረሙ፤ የሞተ ወንድማቸውን ሲጠሩ ስለ ወንድማቸው ያውሩላቸው። ሲረበሹ ማሰር ወይም በጉልበት ማስተኛት ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ከመድኃኒት በፊት እነዚህን ያስቀድማል።

የሸክሙ ትልቁ ድርሻ በሴቶች ላይ ነው። ልጅ ወይም ምራት ሌሊቱን ቆማ ታድራለች፣ ቀን ውኃ ትቀዳለች፣ ፍየል ታልባለች። ስለ ራሷ ድካም የሚጠይቃት የለም። ነርሷ በየቀጠሮው «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብላ መጠየቋ ትንሽ ይመስላል፤ ለአስታማሚዋ ግን ሥራዋን ያየላት የመጀመሪያዋ ሰው ልትሆን ትችላለች።

መከላከልም ከዚሁ ክፍል ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች ግምገማ እንደሚለው፣ በ14 ሊለወጡ በሚችሉ ምክንያቶች ላይ ቢሠራ ግማሽ የሚጠጋውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ከነዚህ መካከል ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የጆሮ ችግር፣ ድብርት፣ የትምህርት ማነስና ብቸኝነት አሉ። በአዋሽና በሰመራ ለጎልማሶች ደም ግፊት የሚለኩት እጆች የነርሶች ናቸው። ዛሬ የ45 ዓመት ሾፌር ደም ግፊቱን ተከታትሎ መድኃኒቱን እንዲወስድ ማድረግ ከ25 ዓመት በኋላ የሚኖረውን አእምሮውን መጠበቅ ነው።

የጎደለው ምንድን ነው?

ሐኪሞች የሚያነሱት ስጋት አለ፤ ነርሷ ብትሳሳት ኃላፊነቱ የማነው? ነርሶችም የራሳቸውን ይላሉ፤ በቀን ስንት ሰው እያየን አንድ አዛውንት ላይ አንድ ሰዓት ከየት እናመጣለን? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ቤት ለቤት ስንዞር የምናያቸውን አረጋውያን ወዴት እንላካቸው ይላሉ። የሦስቱም ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱም አራት ነገሮችን ማሟላት ነው።

የመጀመሪያው በወረቀት የተጻፈ ሥልጣን ነው። የሠለጠነችው ነርስ ምን መርምራ ምን ልትወስን እንደምትችል፣ ምን ላይ ደግሞ ሐኪም ማማከር እንዳለባት ግልጽ መሆን አለበት። ሁለተኛው የተመደበ ጊዜ ነው፤ በሳምንት አንድ ጠዋት ለአረጋውያን ብቻ ተለይቶ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ። ሦስተኛው በስልክ የሚደረስ አማካሪ ነው። በዱብቲም ይሁን በአዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት በተወሰነ ቀን ከነርሷ ጋር የታማሚዎቿን ታሪክ ቢመረምር፣ አንድ ሐኪም በብዙ ወረዳ እንደተገኘ ይቆጠራል። አራተኛው የመቆያ ምክንያት ነው። የአፋር ሙቀትና ርቀት ባለሙያን ያሸሻል፤ ማስተርስ የያዘች ነርስ ደመወዟና የሥራ መደቧ ከሙያዋ ጋር ካልተራመደ ወደ ደጋ ትመለሳለች። ከሁሉም ይልቅ የአፋር ልጆች በራሳቸው ቋንቋ በዚህ ሙያ ሲሠለጥኑ ሥራው ሥር ይሰዳል።

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ ከዚህ በፊት ሄዳበታለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው ስታሰማራ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ወደ ደጃፍ አቀረበች። ያ ሥራ ብዙ ሰው ለእርጅና እንዲበቃ ረድቷል። አሁን ያ ትውልድ ሲያረጅ የሚጠብቀው እንክብካቤ ተከትሎ መምጣት አለበት።

እስከዚያው ቤተሰብ የሚጠበቅበት ግልጽ ነው። አባትዎ ወይም እናትዎ ለወትሮው የሚሠሩትን ሥራ መርሳት ከጀመሩ፣ ዕድሜ ነው ብለው አይለፉት። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንዳቃታቸው ይያዙ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል አድርገው በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ለውጡ በአንድ ሁለት ቀን የመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ አያሳድሩ። የጤና ቢሮ ኃላፊዎችም ይህን ቤተሰብ የምትቀበል፣ ጊዜ ያላት፣ ቋንቋውን የምታውቅና መወሰን የተፈቀደላት ነርስ በአዋሽም በሰመራም ወንበሯ ላይ እንድትገኝ የማድረግ ዕዳ አለባቸው።